መጋዙን አትግፊው፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷ ተሽሏት ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ደርሳ መመለስ ጀምራለች። ዝናቡ ግን ገና ሐዋሳን አልለቀቀም፤ ማታ ማታ የሥራ ቤቱን ቆርቆሮ ሲደበድበው ያድራል።

ባለፈው ሳምንት ስለ ስክሮል ሶውሽ፣ ስለዚያ ኩርባ መቁረጫ የኤሌክትሪክ መጋዝ፣ በስልክ «አባዬ፣ ይህ መጋዝ ምላጭ ይበላል፤ በሦስት ቀን ስምንት ሰበረብኝ» ስትይኝ ብዙ አልመለስኩልሽም። ነገሩ በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ አይደለም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ስምንት ማለትሽ አስደንግጦኛል። ምላጭስ ይተካል። ስምንት ምላጭ የሰበረ እጅ ግን እንጨቱን እየገፋ ነው፤ የሚገፋ እጅ ደግሞ አንድ ቀን እንጨቱ ሲያልቅ ወይም ሲሰነጠቅ ሳያስበው ወደፊት ይሄዳል። ወደፊት ያለው ምላጩ ነው።

ስክሮል ሶው በሥራ ቤቴ ካሉት መሣሪያዎች ሁሉ የዋሁ ነው። ክቡን መጋዝ እንዳትነኪብኝ ስቆጣሽ ኖሬ፣ ይህንን ግን በ12 ዓመትሽ አጠገቤ አስቀምጬ አስሞክሬሻለሁ። እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው፤ ቀጭኑ ምላጭ ከላይም ከታችም ተይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል፣ አንቺ እንጨቱን ታዞሪለታለሽ። የሚያሰጋኝም ይኸው የዋህነቱ ነው። ሰው ቶሎ ይለምደውና ጨዋታ እያወራ ይሠራበታል። ብዙዎቹ ማሽኖች ግን በደቂቃ ከ400 አንሥተው እስከ 1800 ጊዜ ይመላለሳሉ። ዋንዛን የሚበላ ጥርስ ጣት አይከብደውም።

የግራ አውራ ጣቴን ጠባሳ ስትጠይቂኝ «የድሮ ነው» እያልኩ ሳልነግርሽ ቀርቻለሁ። አንቺ ሳትወለጂ ነው። ለሙሽሮች የመስተዋት ፍሬም እየቆረጥኩ ሳለ መብራት ጠፋ። ምላጩ ጠባብ ኩርባ ላይ ተቀርቅሮ ቆመ። ሠርጉ ደርሶብኝ ስለነበር፣ መብራቱ እስኪመጣ ላላቅቀው ብዬ እንጨቱን በሁለት እጄ ይዤ መነቅነቅ ጀመርኩ። ማጥፊያውን አልነካሁትም፤ ሶኬቱም እንደተሰካ ነው። አውራ ጣቴ ከጥርሱ ፊት ለፊት እንዳለች መብራቱ መጣ። ሦስት ሳምንት ሙሉ መዶሻ አልጨበጥኩም፤ ፍሬሙም ለሠርጉ አልደረሰም።

ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ሻማ ከመፈለግሽ በፊት ማጥፊያውን አጥፊ፣ ሶኬቱንም ንቀይ። ምላጭ ስትቀይሪም፣ የማሽኑን ጠረጴዛ ስታስተካክዪም እንዲሁ። «አጥፍቼዋለሁ» ብቻውን አይበቃኝም፤ ሶኬቱ ተነቅሎ በዐይንሽ የሚታይ ቦታ ላይ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ተሰበሩት ምላጮች ልመለስ። መጀመሪያ የማስበው ላልተው ይሆናል ብዬ ነው። ምላጩን ከወጠርሽው በኋላ በጣትሽ እንደ ክራር ክር ነካ አድርጊው። ጥርት ያለ ቀጭን ድምፅ ከሰጠሽ ተወጥሯል። «ዱብ» ብሎ ከደነቆረ ላልቷል ማለት ነው፤ የላላ ምላጭ ስትገፊው ወደ ኋላ ይጎብጣል፣ መስመርሽን ይስታል፣ መጨረሻ ላይ ይሰበራል። ጥርሱ ወደ አንቺና ወደ ታች መመልከቱንም እዪ። ማሽኑ ከሶኬት እንደተነቀለ ጣትሽን ከታች ወደ ላይ በቀስታ አንሸራትቺበት፤ ከያዘሽ ልክ ነው። ተገልብጦ የገባ ምላጭ እንጨቱን ሽቅብ እያነሣ ጠረጴዛው ላይ ያስጨፍረዋል።

ቁጥሩም አለ። ቁጥሩ ሲያድግ ምላጩ ይወፍራል። አንቺ ለምትቆርጪው 6 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ 2 ወይም 3 ቁጥር፣ 2 ሳንቲ ሜትር ለሚሆን ዋንዛ ደግሞ 5 ወይም 7 ቁጥር ያዢ። ከእንጨቱ ውፍረት ላይ ቢያንስ ሦስት ጥርስ ማረፍ አለበት፤ ከዚያ ካነሰ እየነጨ ይቆርጣል። የደነዘዘውን ለመቆጠብም አትሞክሪ። ምላጭ ሲደነዝዝ ጢስ ጢስ ይሸታል፣ የእንጨቱ ጠርዝ ይጠቁራል፣ ሳታውቂው መግፋት ትጀምሪያለሽ። ያኔ አውጥተሽ ጣዪው። በዋንዛው ላይ ንድፉን ከለጠፍሽ በኋላ ግልጽ ስኮች ደርቢበት፤ ምላጩን ያለሰልሰዋል፣ ቃጠሎውንም ይቀንሳል።

ለአጸደ ሕፃናት ልጆችሽ ፊደል መቁረጥሽ እንዴት እንዳስደሰተኝ ለእናትሽ ሳወራ አምሽቻለሁ። ይህን መጋዝ ለመማር ከፊደላችን የተሻለ መምህር አላገኘሁም። ከ«ሀ» ጀምሪ፤ ክብ ሆድ፣ ሁለት ቀና ክንድ፣ ሌላ ምንም የለውም። የምትማሪበት ነገር እጅሽ እንጨቱን እያዞረ ምላጩ ባለበት መቆሙን ነው። ምላጩ ቀጥ ብሎ እንደማይሄድ እዚያው ታዪዋለሽ። ከፋብሪካ ሲወጣ በአንዱ ጎኑ ሸካራ ጠርዝ ስለሚቀርበት ወደዚያ ይስባል፤ እንጨቱን ትንሽ ዘወር አድርገሽ ማቅረብ አለብሽ። ምን ያህል እንደምታዘነብዪው በቁራጭ እንጨት ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምረሽ ስትሞክሪ እጅሽ ያገኘዋል። ብልሽት መስሎሽ ከማሽኑ ጋር አትታገዪ።

ቀጥሎ «ለ»። አናቱ ላይ ስትደርሺ ቁሚ፤ ማሽኑን ግን አታጥፊው። መግፋትሽን ተዪና ምላጩ በቦታው ሲመላለስ እንጨቱን በዙሪያው አዙሪው። በጣም የሾለ ማዕዘን ከሆነ ከመስመሩ ውጭ ባለው ትርፍ እንጨት ላይ ክብ ሠርተሽ ተመለሺ።

«ዐ» ላይ ስትደርሺ ሥራው ይከብዳል። ውስጡ ቀዳዳ ነው፣ ከውጭ መግቢያ የለውም። በመሰርሰሪያ ከመስመሩ ራቅ አድርገሽ ትንሽ ቀዳዳ ክፈቺ፤ ጫፉ ለስላሳ ለሆነው ቀጭን ምላጭ 1.5 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። ጫፉ ላይ መስቀለኛ ሽቦ ያለው ምላጭ ከሆነ ግን ሰፋ ያለ ቀዳዳ ይፈልጋል። ሶኬቱን ነቅለሽ የምላጩን የላይኛውን ጫፍ ፍቺ፣ በቀዳዳው አሳልፊው፣ ጫፉን መልሰሽ አስረሽ ወጥሪው፣ ድምፁን ስሚ። ውስጡን ሁልጊዜ ከውጩ በፊት ቁረጪ። ውጩን አስቀድመሽ ከቆረጥሽ በእጅሽ የሚቀረው ቀለበት የምታህል ነገር ናት፤ ጣቶችሽ ምላጩ አጠገብ ይሰበሰባሉ፣ ቀለበቷም ትሰነጠቃለች። ውስጡን አስቀድመሽ ስትቆርጪ ግን ዙሪያው ሁሉ የእጅሽ መያዣ ነው።

«ቀ»ን ወደ ኋላ አቆዪው። ሁለት ቀዳዳ፣ መካከሉን የሚያልፍ ቀጭን ዘንግ፣ ከታች ረጅም እግር አለው። እዚህ ላይ እንጨቱን አስቢ። እንጨት የሚሰነጠቀው በቁመቱ ነው፤ ስለዚህ የ«ቀ» እግር ከዛፉ ቁመት ጋር አብሮ መውረድ አለበት። አግድም አድርገሽ ከቆረጥሽው አንድ ልጅ መሬት ላይ ሲጥለው እግሩ ይቀራል። እኔ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ላይ የሚቆሙትን ረጃጅም ወፎች፣ አባ ኮዳዎችን፣ በዋንዛ ስቆርጥ ስንቱን እግር ሰብሬ ነው ይህን የተማርኩት! ኮምፔርሳቶ ንጣፎቹ ተጠላልፈው ስለተጣበቁ በዚህ በኩል ይቅር ይልሻል፤ ለጊዜው በእሱ መጀመርሽ ጥሩ ነው።

ፊደሎቹ ተደግፈው ሳይሆን ራሳቸውን ችለው እንዲቆሙ ከፈለግሽ ምላጩ በማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብሎ መቆሙን አረጋግጪ። ወፈር ያለ ቁራጭ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ቁረጪና ማሽኑን አጥፊው። እንጨቱን አዙረሽ ስንጥቁን ከምላጩ ኋላ አምጪው። ምላጩ ሳይነካካ ከገባበት ተስተካክሏል፤ ካዘነበለ ጠረጴዛው ተዛንፏል።

እጆችሽን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እለምንሻለሁ። መዳፎችሽ እንጨቱን ወደ ጠረጴዛው ይጫኑት፤ ጣቶችሽ ከምላጩ ግራና ቀኝ ይሁኑ፣ ከፊቱ ግን በፍጹም። ትንሽ ፊደል ከሆነ ሰፊ እንጨት ላይ በሁለት ወገን በሚያጣብቅ ስኮች ለጥፈሽ ቁረጪው። ምላጭ ሲሰበር «ጧ» ይላል፤ አትደንግጪ። እጅሽን አንሺ፣ ማጥፊያውን አጥፊ፣ እስኪቆም ጠብቂ፤ የላይኛው ስባሪ እስከዚያ ድረስ እየተመላለሰ ይወጋል። ጸጉርሽን እሰሪ፣ ነጠላሽን አውልቂ፣ ቀለበትሽንም። መነጽሩን ማድረግሽን አልጠራጠርም።

የምጠራጠረው የአፍንጫ መሸፈኛውን ነው፤ አዳማ ሙቀት ነው፣ ያፍናል ትያለሽ። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉት ነገሮች መድቦታል። የዚህ መጋዝ ብናኝ ደግሞ እንደ ዱቄት የላመ ነው፣ ብናኙን ከመስመርሽ ላይ የምታራግፈው ያቺ መንፊያ ቱቦም ወደ ፊትሽ ታነሣዋለች። እኔ ለ20 ዓመት ያለ መሸፈኛ ሠርቼ ዛሬ ክረምት በመጣ ቁጥር እንዴት እንደምስል ሰምተሻል። በሩን ክፈቺ፣ መሸፈኛውን አድርጊ፣ ከሥራ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ።

ለሕፃናት ስለሆነ ፊደሎቹን ከ6 ሳንቲ ሜትር አታሳንሺ፤ አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር እንዳይሆን። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሺውና ጉንጭሽ ላይ አሻሺው፤ ጉንጭ ከጣት ይልቅ ስንጥር ያገኛል።

ሐሙስ ወደ አዳማ በሚመጣው መኪና 3 ቁጥር ምላጭ ሁለት ደርዘን፣ 5 ቁጥር አንድ ደርዘን፣ እንዲሁም ማሽኑን ከሥራ ጠረጴዛሽ ጋር የምታስሪበት አራት ቡሎን ልኬልሻለሁ፤ ሳይታሰር ከሠራሽበት ንዝረቱ መስመርሽን ያበላሸዋል። ከሥሩ በጨርቅ የተጠቀለለው የዋንዛ ጣውላ አያትሽ ካስቀመጡት የቀረ ነው። እሱን አሁን አትንኪው። የኮምፔርሳቶውን ፊደል ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ስትጨርሺ፣ ከዚያ ጣውላ መጀመሪያ «ቀ»ን ቁረጪና ላኪልኝ። እግሩን በእጄ ነቅነቅ አድርጌ አየዋለሁ።

እናትሽ «ሳምልኝ» ብላለች።

አባትሽ
ሐዋሳ