ገመዱ ከመዘርጋቱ በፊት፦ ለሐረር ከተማ ማዘጋጃ ቤት ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ በጀጎል (በግንብ በታጠረችው የሐረር አሮጌ ከተማ) ውስጥ ከሐረር በር እስከ መሐል አደባባዩ ፈረስ መጋላ ያለውን የገበያ መንገድ ለተሽከርካሪ ስለመዝጋት ሕዝብ የሚመከርበትን አካሄድ ይመለከታል

ይህ መንገድ ለመኪና ዝግ፣ ለእግረኛ ክፍት እንዲሆን እንፈልጋለን። ይህን ቀድመን የምንናገረው ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እንቅፋት ለመፍጠር የተጻፈ እንዳይመስል ነው። የምንጠይቀው ምክክሩ በወጉ እንዲካሄድ ነው። አንድ ጠዋት አዳራሽ ሞልቶ «ትደግፋላችሁ ወይስ አትደግፉም?» ተብሎ እጅ ብቻ ከተቆጠረ፣ በቃለ ጉባኤ የተዘጋው መንገድ በወሩ በየሱቁ በር በሚነሳ ጭቅጭቅ ተመልሶ እንዳይከፈት እንሰጋለን። ነጋዴውን እንቅልፍ የሚነሳው መንገዱ መዘጋቱ ሳይሆን ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋና ዕቃው በምን እንደሚገባ ነው። መመከር ያለበትም ይህ ነው።

ጀጎል በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ስትሆን፣ በ48 ሄክታሯ ላይ 368 መተላለፊያዎች እንዳሏት ይነገራል። አምስቱ ጥንታዊ በሮች ለሰውና ለጭነት ከብት የተሠሩ ሲሆኑ፣ መኪና በዋናነት የገባው በኋላ በተከፈተው በሐረር በር ነው። ስለዚህ የከተማዋ ብዙው ክፍል ድሮም በእግር፣ በአህያና በትከሻ ነው የሚሠራው። የልብስ ሰፊዎቹን መንገድ መኪና ግርግርን ተመልከቱ፤ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናው ድምፅ እንጂ ከተሽከርካሪ አይደለም፤ ደንበኛው በእግሩ መጥቶ ልብሱን አሰፍቶ ይሄዳል። ሆኖም «መኪና ግርግር ያለ መኪና ከሠራ ሁሉም ይሠራል» ማለት ልክ አይደለም። የጨርቅ ጥቅል በትከሻ ይገባል። 100 ኪሎ የሚመዝን የሽንኩርት ኩንታል፣ ማቀዝቀዣና ሲሚንቶ ግን ሌላ ነገር ናቸው።

በመጀመሪያ ቆጠራ ይደረግ፤ ስብሰባው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ሰባት ተከታታይ ቀን፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት፣ ሁለት ሰው ሐረር በር፣ ሁለት ሰው ፈረስ መጋላ ቆሞ በየ15 ደቂቃው ይመዝግብ። ባጃጅ፣ ታክሲ፣ የቤት መኪና፣ የጭነት መኪና፣ ሞተር፣ ጋሪ፣ የተጫነ አህያና እግረኛ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ዓምድ ይኑራቸው። ሐረር ውስጥ ሰዓቱን መሳት ቀላል ነው። ረፋዱ የገበያ ሰዓት ነው፤ ወደ ቀትር ጫት ገዢው ይበዛል፤ ከ8 ሰዓት በኋላ ደግሞ ብዙ ሱቅ ቀዝቀዝ ይላል። ከሰዓት ብቻ የቆጠረ ሰው «መንገዱ ባዶ ነው» ብሎ ይጽፋል። አርብም ከጁምዓ ሶላት በፊትና በኋላ ሌላ ቀን እስኪመስል ይለያያል።

ከዚህ ጎን የቆሙ መኪኖች ይቆጠሩ። በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ሰው ከላይ እስከ ታች ሄዶ የእያንዳንዱን የቆመ መኪና የሰሌዳ የመጨረሻ 3 ቁጥር ይጻፍ። ማታ ላይ ወረቀቱን ስታዩ አንድ ቁጥር ከጠዋት እስከ ማታ ከተደጋገመ፣ ያ ቦታ የደንበኛ ሳይሆን ምናልባት የባለሱቁ የራሱ መኪና ነው። «ፓርኪንግ ከጠፋ ደንበኛ ይጠፋል» ለሚለው ስጋት ከዚህ የተሻለ መልስ የለም፤ ስጋቱ እውነት ሆኖ ከተገኘም ወረቀቱ ያንኑ ይናገራል።

ነጋዴውን ግን የቀን ሽያጩን አትጠይቁት። ከ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት ውዝግብ ወዲህ የመንግሥት ወረቀት ይዞ ስለ ሽያጭ የሚጠይቅ ሰው የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ገበያ የለም።» በዚያ መልስ ላይ የተሠራ ጥናት አይረባም። በምትኩ «በሳምንት ስንት ጊዜ ዕቃ ይገባል? በምን? በስንት ሰዓት? ትልቁ ዕቃ ስንት ኪሎ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ማንም ሳይፈራ ይመልሳል፤ የጭነት ሰዓቱም የሚወሰነው በዚሁ መልስ ነው።

የውሃው ጉዳይ ብቻውን አንድ ስብሰባ ይገባዋል። ቧንቧ በሚጠፋበት ሰሞን 20 ሊትር የሚይዝ ጄሪካን በባጃጅ ይመጣል። ስድስት ጄሪካን 120 ኪሎ ነው። ባጃጁ ሐረር በር ላይ ከቆመ ያንን 120 ኪሎ እስከ ቤት የሚያደርሰው ማን ነው? በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ናቸው፤ ሁለት ሁለት ይዘው ሦስት ጊዜ ይመላለሳሉ። ስለዚህ ወይ ውሃ የጫነ ባጃጅ በተወሰነ ሰዓት ይፈቀድለት፣ ወይ በሩ ላይ የሚበደሩ የእጅ ጋሪዎች ይቀመጡ። ይህን ሳይመልስ የሚዘጋ መንገድ እግረኛን አይጠቅምም።

አዳራሽ ውስጥ የሚገኘው ሰውዬ ብዙ ጊዜ የሱቁ ባለቤት ነው፤ ተከራዩ ሱቁን ትቶ አይመጣም። ጉልት ላይ የምትሸጥ ሴት ደግሞ ንግድ ፈቃድ ስለሌላት በጥሪው ዝርዝር ውስጥ የለችም፤ ብትጠራም ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስብሰባ መቀመጥ ማለት የዕለት ገቢዋን መተው ነው። እነሱ ዘንድ ሂዱ። በአፎቻ (በሐረሪዎች የመረዳጃ ማኅበር) እና በእድር በኩል ማታ ማታ ሰብስቡ፤ ሴቶች ለብቻቸው የሚናገሩበት ጊዜ ይኑር። ማስታወቂያው በሐረሪ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ይጻፍ፤ ከነካርታው በየበሩ ይለጠፍ፤ ከመጀመሪያው ስብሰባ 15 ቀን ቀደም ይበል። የባጃጅ ሾፌሮችንና ተራ አስከባሪዎችን እንደ ተከሳሽ አትጥሯቸው። የት መዞር እንደሚቻል፣ የቱ ጋ እንደሚታነቅ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

መጀመሪያ የሚበላሸውም ሐረር በር ላይ ነው። ባጃጁ ስለተከለከለ አይጠፋም፤ በሩ ላይ ይከማቻል። አንድ ባጃጅ ርዝመቱ 2.6 ሜትር፣ ስፋቱ 1.3 ሜትር ያህል ነው። አሥር ባጃጅ በአንድ ረድፍ ለመሰለፍ 30 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ይህ ቦታ ከግንቡ ውጭ ተለክቶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ከመዘጋቱ በፊት ዝግጁ ይሁን።

መዝጊያው ገመድ ወይም ሰንሰለት አይሁን። ገመድ ጠባቂ ይፈልጋል፣ ጠባቂ ደግሞ ምሳ ይሄዳል። የሚነቀሉ የብረት ምሰሶዎች ይሻላሉ። በመካከላቸው ያለው ክፍተት 1.2 ሜትር ከሆነ ባጃጅ አያልፍም፣ ተሽከርካሪ ወንበር ግን በደንብ ያልፋል። የተጫነ አህያ ያልፍ እንደሆነ ምሰሶው ከመተከሉ በፊት እዚያው በሜትር ለኩ። ሞተርን የሚያስቆም ምሰሶ የለም፤ ለእሱ የትራፊክ ፖሊስ ያስፈልጋል። ቁልፉ ቢያንስ በሦስት እጅ ይሁን፦ በእሳት አደጋ፣ በአምቡላንስና በሌሊት ተረኛ ጥበቃ። መሐሉ ላይ 4 ሜትር ስፋት ያለ መስመር ሁልጊዜ ባዶ ይቆይ። መኪና ሲወጣ ባዶውን ቦታ ወዲያው ሸራና ጠረጴዛ ይሞላዋል፤ ወደ ውስጥ ያሉት መተላለፊያዎች ደግሞ የእሳት አደጋ መኪና አያስገቡም፤ ቱቦ የሚዘረጋው ከዚህ መንገድ ነው።

በአዲስ አበባ ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. የተጀመረውን «መንገድ ለሰው» ለዚህ እንደ ማስረጃ መጥቀስ አይበቃም። እሑድ ለጥቂት ሰዓት መንገድ መዝጋት የጭነትን ጥያቄ አይፈትንም። እዚህ የሚያስፈልገው እውነተኛ ሙከራ ነው፦ ከነሐሴ 15 እስከ ጥቅምት 15፣ ዝናቡንም ፀሐዩንም ያካተተ። መንገዱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይዘጋ፤ ጭነት ከዚያ በፊትና በኋላ ይግባ። የዓመት መለወጫና የመስቀል ሳምንት ቆጠራ ለብቻው ይያዝ፤ የበዓል ገበያ ሁሉንም ነገር ያሳምራል። ሙከራውን በረመዳን ወይም ከእሱ በኋላ በሚመጣው የሐረሪዎች በዓል በሸዋሊድ ሰሞን አታድርጉት። ለነፍሰ ጡር፣ ለሕመምተኛ፣ ለቀብርና ለሠርግ የሚፈቀደው በጽሑፍ ይውጣ፤ በጠባቂው ፊት የሚለመን ነገር አይሁን።

ከሙከራው በፊት ደግሞ ምን ሲሆን ሐሳቡ እንደሚቀየር ጻፉ። ለምሳሌ አምቡላንስ ሰው ጋ የሚደርስበት ጊዜ ከረዘመ፣ ወይም የጭነት ሰዓቱ በግማሽ ሱቆች ላይ ካልሠራ፣ ሰዓቱ ይሻሻላል። የተሰጠው አስተያየት ሁሉ በተራ ቁጥር ተመዝግቦ፣ ከአጠገቡ «ተቀብለናል» ወይም «አልተቀበልንም፣ ምክንያቱም…» ተብሎ በ15 ቀን ውስጥ በሐረር በርና በፈረስ መጋላ ይለጠፍ።

የመቁጠሪያ ቅጹን አዘጋጅተናል፤ አንድ ገጽ ነው። ቆጣሪዎችን በግማሽ ቀን አሠልጥነን ከእነሱ ጋር እንቆማለን። ሰባቱ ቀን መቼ እንደሚጀመር ብቻ አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር፣
በትራንስፖርትና በንግድ ሥራ ላይ ያለን የጀጎል ነዋሪዎች