ደንገል ቆራጩን ስሜት የለሽ ላደረጋችሁት ዘገባ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

የጣና ዳርቻ ነዋሪ ለሐይቁ የባለቤትነት ስሜት እንደሌለው ያተታችሁበትን ዘገባ ከነፎቶው አየሁት። ሐይቁ መታመሙን አልክድም። እምቦጩም፣ ደለሉም በዓይናችን የምናየው ነው። የቆጠቆጠኝ ከመሃል የተሰነቀረችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ስሜት ለመጥፋቱ ማሳያው ነዋሪው ደንገሉን፣ ማለትም ታንኳ የሚሠራበትን የሐይቅ ዳር ረጅም ቄጠማ፣ መጨፍጨፉ ነው የምትለው። ከሥሯ ደንገል የተሸከመ ሰው ፎቶ ለጠፋችሁ። ባለሙያው ተናገረ፣ ኃላፊው ተናገረ፣ ባለሆቴሉ ሳይቀር ተናገረ፤ ሸክም የያዘውን ሰው ግን ማንም ምንም አልጠየቀው።

እኔ በሐይቁ ዳር ከዓሣና ከደንገል የሚኖረው የነገደ ወይጦ ሕዝብ ልጅ ነኝ። አባቴ ያስተማረኝ ታንኳ ሠርቶ ነው። እናቴ ዛሬም ከደንገል ትሰፋለች። ስለዚህ እናንተ ያልጠየቃችሁትን ልመልስ። ታንኳ ሠሪ ደንገሉን በማጭድ ያጭዳል እንጂ ሥሩን አይነካም፤ ሥሩ ከተረፈ መልሶ ያቆጠቁጣል። ታንኳ ደግሞ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዕድሜው አጭር ነው፤ በየጊዜው ሌላ መሥራት ግድ ይላል። ደንገሉ ቢያልቅ ቀድሞ ጦሙን የሚያድረው ማን ሆነና ነው የሚጨፈጭፈው? ደንገል የሚጠፋው ውሃው በሸሸበት ቦታ መሬቱን የሚያርስ ሲመጣና ሥሩ ሲገለበጥ፣ ወይም ዳርቻው በአፈርና በድንጋይ ተሞልቶ ሲታጠር ነው። የውሃው ከፍታም ቢሆን በሰማይ ብቻ የሚወሰን አልሆነም። በ1988 ዓ.ም. ገደማ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ የጨረጨራ ግድብ ተሠራ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ውሃውን በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ መውሰድ ጀመረ። መብራቱን አልጠላሁትም (ሲኖር)። ግን የግድቡን በር ከፍቶ የሚዘጋው እጅ የታንኳ ሠሪ አይደለም።

በዘገባችሁ ባለሙያው ስለ ባለቤትነት ስሜት የጠቀሱትን ንድፈ ሐሳብ ፈልጌ አነበብኩት። ፒርስ፣ ኮስቶቫና ዲርክስ የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ነው፤ የተጻፈውም ስለ ሠራተኛና ስለ መሥሪያ ቤቱ ነበር፣ ይሁን። ሰው አንድን ነገር «የእኔ ነው» የሚለው በሦስት መንገድ ነው ይላሉ፦ ሲያዝዝበት፣ ጠልቆ ሲያውቀው፣ ጉልበቱንና ራሱን ሲያፈስበት። የኋለኞቹን ሁለቱን ተዉልኝ፤ እነሱ አሉን። አባቴ ነፋሱ ከየት እንደሚነሳ፣ አምባዛው የት እንደሚውል በቃሉ ያውቃል፤ ወገቡም የጎበጠው በዚሁ ሐይቅ ላይ ነው። የጎደለን የመጀመሪያው ነው፤ ማዘዝ። ጉድለቱ የማን እንደሆነ ዘገባችሁ አልጠየቀም። ከቤቱ ያባረራችሁትን ሰው ደጁን ለምን አትጠርግም ብላችሁ እንደ መውቀስ ነው።

ልዩነቱን ለማየት ጀልባ ተሳፍሮ ወደ ሐይቁ የገባችው ባለ ገዳሟ ምድር፣ ዘጌ፣ መድረስ ይበቃል። እዚያ በአቡነ በትረ ማርያም ስም የቆየ ሥርዓት አለ፤ መሬቱ አይታረስም፣ ሕዝቡ በቡናው ይኖራል። ደኑ እስከ ዛሬ የቆየው ዘጌዎች ከእኛ የተሻለ አንጀት ስላላቸው አይደለም። የሚያርስ ቢመጣ «ተው» የሚል ገዳምና ሽማግሌ ስላለና ተው ሲባል ስለሚሰማ ነው። እኛ ተው ብንል ማን ይሰማናል? ጉማሬ በልተዋል ተብለን ስንገለል የኖርን ሕዝብ ነን፤ ማዕድ ያልቀረበንን ሰዎች ስብሰባ ላይ የሚያስታውሰን የለም። በ2007 ዓ.ም. ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ሲመዘገብ ደስ ብሎን ነበር። ታንኳችን በየብሮሹሩ ላይ ወጣች። ቀዛፊው ግን አሁንም ስም የለውም።

አሁን ደግሞ መፍትሔው ሥልጠና ነው ብላችሁናል፤ ስሜቱ «እንዲዳብርልን»። እሰየው! አበል አለው? ሻይ ቡናስ? ቦታውንም ከወዲሁ መገመት አይከብደኝም፤ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ፣ ድሮ ደንገል ታጭድበት ከነበረ ሣር ላይ። ባለፈው አንዱ ጋ ከውሃው በኩል ታንኳ ልናስጠጋ ስንል ጥበቃው «የግል ነው» ብሎ መልሶናል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ ጥበቃው አላነበበው ይሆናል። የባለቤትነት ስሜቱ ግን እንከን አልነበረበትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልናገር። በክረምት ዓሣው ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ግልገል ዓባይ ሲወጣ በወንዙ አፍ ላይ የተከለከለውን የሞኖፊላመንት (ከነጠላ ቀጭን የፕላስቲክ ክር የተሠራ) መረብ የሚዘረጋ አለ፤ ከእኛም ሰፈር አለ። ከዚህ ሐይቅ በቀር የትም የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች የሚያልቁት እንዲህ ነው። ጠይቁት፤ «እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል» ይላችኋል። ይህ ሰው ስሜት አላጣም፤ የሚተወው ዓሣ ለነገ እንደሚቆየው ዋስትና አጣ እንጂ። መረቡም ከሰማይ አልወረደም፤ በመኪና ተጭኖ፣ ኬላ አልፎ፣ ገበያ ላይ ተሽጦ ነው እጁ የገባው። ዘጋቢያችሁ የሰው ስሜት መለካት ከወደደ ከዚያ ኬላ ይጀምር።

ከባሕር ዳር