ለደቅ ደሴት የበሽተኛ ጀልባ፦ የድጋፍ ጥሪ

በባሕር ዳር፣ በጎንደር፣ በአዲስ አበባና በውጭ አገር ለምትኖሩ የደቅ ተወላጆች፣ እንዲሁም ለጣና ወዳጆች ሁሉ፤

ደቅ ከባሕር ዳር በውሃ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሰውና ጭነት የሚያመላልሰው ጀልባ ይህን መንገድ በሦስት ሰዓትና ከዚያም በላይ ነው የሚጨርሰው። የሚነሳውም በተቆረጠለት ቀን እንጂ ምጥ በመጣ ጊዜ አይደለም። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩትን ናርጋ ሥላሴን ሊያዩ የሚመጡ የጎብኚ ጀልባዎችም ጠዋት ገብተው፣ የከሰዓቱ ነፋስ ሳይነሳ ይመለሳሉ። ማታ ዳር ላይ የሚያድረው የደንገል ታንኳ ነው። ታንኳ ለዓሣ አስጋሪ ክፉ አይደለም። ሆኖም ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ጎኑም ዝቅ ያለ ስለሆነ የተኛ ሰው ቢጫንበት ማዕበሉ በላዩ ያልፋል። ቁንዝላ ከባሕር ዳር ይልቅ ይቀርባል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሐይቁን በመኪና መዞር አለ፣ መኪናው ከተገኘ። ቀዶ ሕክምናና ደም ለሚያስፈልጋት ወላድ ይህ ሁሉ ረጅም ነው።

ስለዚህ አንድ ጀልባ ከነሞተሩ፣ አንድ ተንሳፋፊ መሳፈሪያና የሁለት ዓመት መለዋወጫ ለመግዛት እርዳታችሁን እንጠይቃለን። ለጀልባ የሚሰጥ ሰው አይጠፋም፤ ፎቶ ይነሣበታል፣ ይመረቃል። ለማጣሪያና ለዘይት የሚሰጥ ግን ጥቂት ነው፤ ጀልባን ዳር ላይ አስሮ የሚያስቀረውም የዚሁ የጥቃቅን ዕቃ እጦት ነው። ሦስቱን አንድ ላይ ካላሟላን ጀልባውን አንገዛም ብለን ተስማምተናል።

ጀልባው ርዝመቱ 7 ሜትር፣ ስፋቱ 2.2 ሜትር የሆነ ፋይበር ግላስ ነው። ብረት ይሻላል፣ የትም ያለ በያጅ ይጠግነዋል የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ነገር ግን ብረቱ ስለሚከብድ በመረጥነው ሞተር ከውሃው በላይ ተነሥቶ አይሮጥም፤ ያ ደግሞ ወደ ሦስት ሰዓቱ ይመልሰናል። ሞተሩ ከኋላ የሚሰቀል ባለ 60 የፈረስ ጉልበት፣ አራት ምት ነው። 40 አይበቃም ወይ ለምትሉ፦ ጣና ከባሕር ወለል 1,786 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተር ከኃይሉ አንድ አምስተኛውን ያህል እዚህ ያጣል። ባለ 60ው እዚህ ሲደርስ 50 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ውሃውን እየገፋ ጀልባውን የሚያስኬደው ፕሮፔለርም ባለሙያዎች ፒች የሚሉት ጥምዘዛው ከተለመደው አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ያነሰ መሆን አለበት፤ አለዚያ ሞተሩ እያቃሰተ ቤንዚን ይበላል። በዚህ አያያዝ ባሕር ዳር ለመድረስ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይበቃል።

ፕሮፔለሩ አሉሚኒየም ይሁን። የማይዝግ ብረት ጠንካራ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከደሴቱ ዳር ካለው ጥቁር ድንጋይ ጋር ሲጋጭ ጉዳቱን ወደ ማርሹ ያስተላልፈዋል። አሉሚኒየሙ ራሱ ታጥፎ ማርሹን ያድናል። ለዚህ ነው ሁለት ትርፍ ፕሮፔለር የምንጠይቀው።

ቃሬዛው የሚቀመጠው ከመካከል ወደ ኋላ ባለው ወለል ላይ ነው። የፊተኛው ክፍል ማዕበል ሲመታው ይዘላል፤ በሽተኛ እዚያ አይተኛም። ነፍሰ ጡር በግራ ጎኗ ስለምትተኛ አስታማሚ የሚቀመጥበት ቦታ በፊቷ በኩል ይተዋል። በላዩ ፀሐይና ዝናብ የሚከላከል ሸራ፣ ከነነጂው ለስድስት ሰው የሕይወት ማዳኛ ጃኬት፣ ሁለት መብራት፣ ኮምፓስ፣ መልሕቅ ከ30 ሜትር ገመድ ጋር፣ ሁለት መቅዘፊያ።

ሌሊት የሚያሰጋው ከማዕበሉ ይልቅ መረብ ነው። አስጋሪዎች መረባቸውን አመሻሽ ላይ ጥለው ንጋት ላይ ያነሣሉ። ክሩ በፕሮፔለሩ ግንድ ላይ ሲጠመጠም የማርሹን ዘይት የሚያግደውን ጎማ ይቆርጠዋል፤ ዘይቱ ይወጣል፣ ውሃ ይገባል፣ ከጥቂት ጉዞ በኋላም ማርሹ ያልቃል። ሞተሩ ያን ዕለት ሰላም ስለሚመስል ማንም አይጠረጥርም። ከአስጋሪዎቹ ጋር የምንነጋገረው ከመሳፈሪያው እስከ ጥልቁ ውሃ ድረስ መረብ የማይጣልበት መተላለፊያ እንዲኖር ነው፤ ምልክቱ በድንጋይ የታሰረ ቢጫ ጀሪካን ነው፣ በየ50 ሜትሩ አንድ። እምቦጭና ፌስታል ደግሞ ሞተሩ ውሃ የሚስብበትን ቀዳዳ ይደፍናሉ። ነጂው ከኋላ የሚፈሰውን ቀጭን ውሃ ማየት አለበት፤ ከቆመ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል፣ ቀዳዳው ይጸዳል።

መሳፈሪያው ለምን ተንሳፋፊ ሆነ? የጣና ውሃ መስከረም ላይ ሞልቶ፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ በሜትር ይወርዳል። በሲሚንቶ የተሠራ መሳፈሪያ ግማሹን ዓመት ደረቅ ላይ ይቀራል፤ ቃሬዛ በጭቃ ውስጥ መሸከም የሚመጣው ከዚያ ነው። የኛው ባለ 200 ሊትር 12 የፕላስቲክ በርሜል፣ በላዩ 2 በ4 ሜትር ጣውላ ነው። አንዱ በርሜል 200 ኪሎ ገደማ ያነሣል፤ ጣውላው፣ ስድስት ሰውና ቃሬዛው ተደምረው 900 ኪሎ ቢሆኑ በርሜሎቹ ከግማሽ በታች ነው የሚሰጥሙት። የብረት በርሜል እንዳትልኩልን፤ ይዝጋል፣ አንዱ ከተቀደደ መሳፈሪያው ይጋደላል። የሚተከለው ውሃው እጅግ በጎደለበት በግንቦት ነው፤ ያን ጊዜ 1.2 ሜትር ጥልቀት ያለው ቦታ ዓመቱን ሙሉ አይከዳም። ድንጋዩን፣ ባሕር ዛፉንና ጉልበቱን ደሴቱ ይችላል።

ነዳጁን ከናንተ አንጠይቅም። በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢወጣ፣ ደርሶ መልሱ ሁለት ሰዓት ተኩልና 35 ሊትር ያህል ቢፈልግ፣ በዓመት 3,600 ሊትር ገደማ ይሆናል፤ ይህ በየወሩ በእድር በኩል ይዋጣል። በሽተኛ ተኝቶ ቤተሰቡ የቤንዚን ገንዘብ ሲያፈላልግ መታየት የለበትም። ቤንዚኑ በተለየ ጀሪካን ይቀመጣል፤ ውሃ የነካው ጀሪካን ሐይቅ መሀል ላይ ሞተር ያጠፋል።

በዚህ ስሌት ሞተሩ በዓመት 260 ሰዓት ይሠራል። ዘይቱና የማርሽ ዘይቱ በየ100 ሰዓቱ ይቀየራሉ። የማቀዝቀዣ ፓምፑ ጎማ፣ ኢምፔለር የሚባለው፣ በንጹሕ ውሃ ብዙ ይቆያል፤ ክረምት ላይ ግን ግልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ የሚያመጡት ደለል ይሞርደዋልና እሱንም በየ100 ሰዓቱ ቆጥረናል። ለሁለት ዓመት አምስት ኢምፔለር፣ አምስት የዘይት ማጣሪያ፣ አሥር የቤንዚን ማጣሪያ፣ ሁለት ሙሉ ዙር ካንዴላና ሁለት የፕሮፔለር ግንድ ጎማ ያስፈልጋል።

ድምሩን በብር ያልጻፍነው የሞተር ዋጋ ከምንዛሪው ጋር ስለሚዘል ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ለሚጠይቅ ሁሉ ይታያል። ገንዘብ የምትልኩ የባንኩን ቁጥር በአካል ከምታውቁት የኮሚቴ አባል ብቻ ተቀበሉ፤ በግለሰብ ስም ወደተከፈተ ሂሳብ አትላኩ። አንድ በርሜል ወይም አንድ ጃኬት እችላለሁ ያለ፣ ያንኑ ብቻ ማስመዝገብ ይችላል።

በአሜሪካ፣ በእስራኤል፣ በአውሮፓና በዓረብ አገር ያላችሁ፣ መለዋወጫው አብዛኛው ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ነው። ሆኖም የሞተሩ ሞዴል ተቆርጦ ሳይነገራችሁ አትግዙ፤ ለአንዱ የተሠራ ኢምፔለር ለሌላው አይገጥምም፣ በአንድ ፋብሪካ ሞተሮች መካከል እንኳ ይለያያል።