እንቅልፍሽን ለክተሽ ጻፊልኝ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

«ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ» አልሽኝ። ሐኪም ጋ ስትሄጂ ግን ስንት ሌሊት፣ ለስንት ጊዜ ብሎ ነው የሚጠይቅሽ። አስቀድመሽ ለኪው።

ደብተር ያዢና ለ14 ቀን ጠዋት ጠዋት አምስት ነገር ጻፊ፦ አልጋ የገባሽበት፣ እንቅልፍ የወሰደሽ፣ መሐል ላይ ነቅተሽ የቆየሽው ደቂቃ፣ መጨረሻ የነቃሽበት፣ ከአልጋ የወረድሽበት ሰዓት። ሌሊት ስልክሽን እያበራሽ ሰዓት አትዪ፤ ሰዓት ማየቱ ራሱ ያነቃል። ግምት ይበቃል።

አንዱን ሌሊት ላስላልሽ። 3፡00 አልጋ ገባሽ፣ 4፡30 ወሰደሽ፣ መሐል ላይ 30 ደቂቃ ፈጠጥሽ፣ 10፡30 ነቃሽ፣ 11፡00 ወረድሽ። አልጋ ላይ 480 ደቂቃ ቆይተሽ የተኛሽው 330 ነው። 330ን ለ480 አካፍለሽ በ100 ስታባዢው 69 ገደማ ይመጣል፤ አልጋ ላይ ከቆየሽው ጊዜ ከመቶ 69ኙን ተኝተሻል ማለት ነው። ደህና የሚባለው 85ና ከዚያ በላይ ነው። «ትናንት ስላልተኛሁ ዛሬ በጊዜ ልግባ» ካልሽ አልጋ ላይ የምትቆዪበት ይረዝማል እንጂ እንቅልፉ አይረዝምም፤ ቁጥሩ ጭራሽ ይወርዳል።

ከዚያ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት፣ የእንቅልፍ ተመራማሪው ቻርልስ ሞሪን ያዘጋጀው የእንቅልፍ ማጣት መለኪያ አለ። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት አስበሽ ለሰባት ጥያቄ ከ0 እስከ 4 ትሰጫለሽ፦ ለመተኛት መቸገር፣ መሐል ላይ መንቃት፣ ያለጊዜው መንቃት፣ በእንቅልፍሽ መርካት፣ ቀን ሥራሽን ማወኩ፣ ችግርሽ ለሰው መታወቁ፣ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅሽ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እርካታው ላይ ነው፤ እዚያ 0 ማለት በጣም ረክቻለሁ፣ 4 ደግሞ ፈጽሞ አልረካሁም ማለት ነው። ድምሩ እስከ 7 ከሆነ የሚያሳስብ አይደለም፣ 8–14 ቀላል፣ 15–21 መካከለኛ፣ 22–28 ከባድ ነው። አንድ ክፉ ሌሊት ብቻ አስበሽ አትሙዪው። ነጥቡ ብቻውንም በሽታ አይሰይምም፤ ችግሩ ሥር ሰደደ የሚባለው በሳምንት ቢያንስ ሦስት ሌሊት ሆኖ ሦስት ወር ሲዘልቅ ነው።

አንድ ነገር ግን ለዪ። ከኮዬ ፈጬ መሀል ከተማ ለመድረስ 10፡00 ላይ የምትነሺ ከሆነና 5፡00 ላይ ተኝተሽ ወዲያው የሚወስድሽ ከሆነ፣ የጎደለሽ የመኝታ ጊዜ ነው። እንቅልፍ ማጣት የሚባለው ጊዜውም አልጋውም እያለ እንቅልፉ እምቢ ሲል ነው። የሰፈሩ ውሻ ቀስቅሶሽ ከሆነም ጎኑ ላይ «ውሻ» ብለሽ ጻፊ። ቡናም ጻፊ፤ የካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ ከሰዓት በኋላ 11፡00 ላይ የጠጣሽው አቦል ማታ 4፡00ም ግማሹ አብሮሽ አለ። (በረካው ቀጭን ነው እያልሽ አታታልዪኝ።)

በመለኪያው ድምርሽ 15 ከደረሰ አትቆዪ፣ ሐኪም ጋ ሂጂ። ጎረቤት የሰጠሽን የእንቅልፍ ክኒን እንዳትውጪ፤ ሰውነት ይለምደዋል። ለቆየ እንቅልፍ ማጣት ቀዳሚው ሕክምና የመኝታ ልማድንና ሐሳብን የሚያስተካክለው የንግግር ሕክምና ነው። ኃይለኛ ማንኮራፋት ወይም ተኝተሽ ትንፋሽ መቆራረጥ ካለ፣ ነጥብሽ ትንሽም ቢሆን ለሐኪሙ ንገሪው፤ የሌላ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። አብራሽ የምትተኛዋን ጠይቂያት፣ አንቺ አትሰሚውም።

ደብተሩን ስትወስጂ የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች በጀርባው ጻፊበት።

እናትሽ