ሮም ገብተናል

ሰላም ውድ አባላት፣ እንዴት ሰነበታችሁ? እኔና ባለቤቴ ዛሬ ጠዋት ሮም ገባን። ከስድስት ዓመት በኋላ! ሻንጣችንን ሆቴል ጥለን ወዲያው ወጣን።

መጀመሪያ የሄድነው ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ወዳለው የዶጋሊ ሐውልት ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 የራስ አሉላ ጦር ዶጋሊ ላይ ለደመሰሳቸው ጣሊያኖች መታሰቢያ የቆመ ነው። አላፊ አግዳሚው ቀና ብሎም አያየውም። እኛ ግን እጅ ለእጅ ተያይዘን ብዙ ቆምን።

ከዚያ ውሃ ጠማን። ባለቤቴ የመንገድ ዳሩን የብረት ቧንቧ አፍ በጣቷ ስትደፍነው ውሃው ከላይ ባለችው ቀዳዳ ፊን ብሎ ፊቷን አራሰው። ሳቋ ያው የድሮው ነው! ሮም የምትመጡ፣ ውሃ አትግዙ፤ ባዶ ጠርሙስ ብቻ ያዙ። ቀዝቃዛና ንጹህ ነው፣ ያውም በነጻ።

ነገ የአክሱም ሐውልታችን ቆሞበት ወደነበረው ፖርታ ካፔና እንሄዳለን። ፎቶ እልክላችኋለሁ።