ለደንበኞቻችን፦ የማራኬሽ የእግር ጉዟችን ለምን ከዳቦ መጋገሪያ ይጀምራል

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። የሞሮኮዋን ከተማ የማራኬሽን የመንገድ ዳር ምግብ እየቀመስን የምናደርገው የእግር ጉዞ ከዚህ ወቅት ጀምሮ መልኩ ተቀይሯል። ቀድሞ አመሻሽ ላይ ተሰባስበን ከጀማ ኤል ፍና አደባባይ ነበር የምንነሳው። አሁን የምንነሳው ጠዋት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የምንገባውም አንድ የሰፈር ዳቦ መጋገሪያ ውስጥ ነው። አደባባዩ ማታ፣ መጨረሻ ላይ ይመጣል። "እኛ የምንመጣው አደባባዩን ለማየት አይደል እንዴ?" ብላችሁ የጻፋችሁልን አላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ምክንያታችንን ዘርዘር አድርገን እንንገራችሁ።

አደባባዩ አልቀረም። እንደ ጀማ ኤል ፍና ያለ ቦታ በዓለም ላይ ጥቂት ነው። ዩኔስኮ በ2001 እ.ኤ.አ. የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ ያወጀው ለሕንፃው ሳይሆን ለሰዉ ነው። ተረት ነጋሪው፣ ግናዋ የሚባለውን የአገሩን ሙዚቃ የሚጫወተው፣ ሒና የምትቀባዋ ሴት፣ ማታ ማታ ድንኳኑን ተክሎ ጥብሱን የሚያጨሰው ሁሉ የቅርሱ አካል ናቸው። ለዚህ ብዙ ከደከሙት አንዱ እዚያው ከተማ ይኖር የነበረው ስፔናዊው ደራሲ ሁዋን ጎይቲሶሎ ነበር። ግን ከአውሮፕላን ወርዶ በቀጥታ እዚያ የሚቆም ሰው የሚያየው ጭስና መብራት ነው። አስተናጋጁ ክንዱን ይዞ "እዚህ ተቀመጥ" ይለዋል፤ እሱም ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። የበላው ከየት እንደመጣና ለምን እንደዚያ እንደሚበስል የሚነግረው የለም። ያንን የሚናገሩት ከአደባባዩ ጀርባ ያሉት ጠባብ መንገዶች ናቸው።

እኛ የምናምነው የማራኬሽ ምግብ የሚገባው እሳቱ የት እንዳለ ላየ ሰው ነው ብለን ነው። በድሮው ከተማ ቤቶች ውስጥ ትልቅ ምድጃ አልነበረም። እናት በትንሽ የከሰል ምድጃ ላይ ጣጂን የሚባለውን የሸክላ ድስቷን ትጥዳለች። ኃይለኛ እሳት የሚፈልገው ግን ወደ ውጭ ይወጣል። አገሩ ደረቅ ነው፤ ማገዶ ውድ ነው። ስለዚህ ሰፈሩ እሳቱን በጋራ ያነዳል። አንድ ሰፈር መስጊድ፣ የውሃ ምንጭ፣ የቁርዓን ትምህርት ቤት፣ የእንፋሎት መታጠቢያና ዳቦ መጋገሪያ ካሉት ሙሉ ሰፈር ነው ይባላል። ከአምስቱ ሁለቱ እሳት ያላቸው ናቸው።

መጋገሪያው ፈራን ይባላል። ከመንገዱ ዝቅ ያለ፣ ጥላሸት የጠገበ ክፍል ነው። ጋጋሪው ከምድጃው አፍ ፊት በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ በረጅም የእንጨት አካፋ ይሠራል። ልጆችና እናቶች ቤት የተቦካውን ሊጥ ድቡልቡል አድርገው፣ ጣውላ ላይ ደርድረው፣ በጨርቅ ሸፍነው ያመጣሉ። የስንቱ ቤት ዳቦ አንድ ላይ ገብቶ አንድ ላይ ይወጣል። የማን የማን እንደሆነ ግን ጋጋሪው አይስትም። በጣውላው፣ በጨርቁ፣ በዳቦው ውፍረት ያውቀዋል። አንዳንዷ እናት ደግሞ ሊጧ ላይ ምልክት ታደርጋለች። ለዒድ ሲሆን የጣፋጭ ትሪ ይሰለፋል። ዓሣና ቃሪያ ለመጥበስ የሚመጣም አለ። ቆማችሁ ስታዩ የሰፈሩን ሰው ሁሉ በአንድ ጠዋት የምታውቁት ይመስላችኋል። ቤቶች የጋዝ ምድጃ እያስገቡ ስለሆነ እነዚህ መጋገሪያዎች እየቀነሱ ነው። ከምትከፍሉን ላይ ለጋጋሪው የምንሰጠው አለ። የሰው የሥራ ቦታ ነውና በነጻ ገብቶ ፎቶ አንስቶ መውጣት ደስ አይለንም።

ከዚያ በፊት ቁርስ አለ። ስፈንጅ የሚባለው የማራኬሽ ቦምቦሊኖ መሃሉ ቀዳዳ ነው። ሠሪው ከላላው ሊጥ ቆንጥሮ፣ በጣቱ በስቶ ዘይቱ ውስጥ ይወረውረዋል። ብዙ ከገዛችሁ በዘንባባ ቅጠል አስሮ ያንጠለጥልላችኋል። አጠገቡ ቢሳራ አለ። የደረቀ ባቄላ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተቀቅሎ ይፈጫል፤ ከላይ የወይራ ዘይትና ከሙን ይጣልበታል፤ በትኩስ ዳቦ ይበላል። የቀን ሠራተኛው ቁርስ ነው፤ እስከ እኩለ ቀን ይይዛል። ሦስተኛው በግሪር ነው። ከሰሞሊና የሚሠራ ስስ ቂጣ ሲሆን የሚጋገረው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው፤ ዓይኑም እንደ እንጀራ ዓይን ነው። ከኛ ሰዎች መካከል ይህን ሲያይ ፊቱ የማይፈታ አላየንም። የሚበላው ግን በማርና በቅቤ ነው።

ቀጥሎ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ጀርባ እንዞራለን። ደጁ ጠባብ ስለሆነ ብቻችሁን ብትሄዱ አታገኙትም። ውስጡ የመታጠቢያውን ውሃ የሚያሞቅ እሳት አለ። የሚነደው የአናጢ ፍርፋሪ፣ ሰጋቱራ፣ እንጨትና የወይራ ጭማቂ ዝቃጭ ነው። እሳቱን የሚጠብቀው ሰው አመዱን በአካፋ ገለጥ ሲያደርገው አንገታቸው ጠበብ ያለ፣ ባለሁለት ጆሮ የሸክላ ዕቃዎች ተደርድረው ታያላችሁ። ታንጂያ እነዚህ ናቸው፤ ዕቃውም ምግቡም አንድ ስም ነው ያላቸው። የማራኬሽ የራሷ ምግብ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰውዬው ባዶ ሸክላውን ይዞ ሥጋ ቤት ይሄዳል። ባለሥጋው የቅልጥም ሥጋ ይቆርጥና ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙን፣ ሳፍሮን፣ በጨው የሰነበተ ሎሚና ስመን የሚሉትን ያደረ ቅቤ ይጨምርበታል። አፉን በወረቀት ሸፍኖ በሲባጎ ያስርና ወረቀቱን በሳ በሳ ያደርገዋል። ከዚያ ሸክላው አመድ ውስጥ ተቀብሮ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ሌሊቱን ሙሉ ያድራል። ማማሰል የለም፣ መክፈት የለም። ወንዶች የሚሠሩት ምግብ ነው፤ የእጅ ባለሙያዎች በዕረፍት ቀናቸው ተዋጥተው ያስቀብሩና አትክልት ቦታ ይዘውት ይሄዳሉ። ሲገለበጥ ሥጋው በራሱ ከአጥንቱ ይለያል። ሰፈሩ የሚታጠብበት እሳት ነው ምሳውንም የሚያበስለው። አደባባዩን ወደ መጨረሻ የገፋነው ይህንን ሳታዩ እንዳታልፉ ነው።

ሜላህ የሚባለው የድሮው የአይሁድ ሰፈርም በመንገዳችን ላይ ነው። በ1558 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ነው። ዛሬ አብዛኛው ቤተሰብ ወደ እስራኤልና ወደ ሌላ አገር ሄዷል። ቅመም ገበያው ግን አሁንም ይደራል። እዚህም የጋራው እሳት ነበር። ሽምብራ፣ ድንች፣ ስንዴ፣ ሥጋና ከነቅርፊቱ ያለ እንቁላል በአንድ ድስት ተደርጎ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ መጋገሪያው ይገባል፤ የሚወጣው ቅዳሜ ምሳ ላይ ነው። በሰንበት እሳት አይለኮስም። ምግቡ ዳፊና ወይም ስኺና ይባላል። እስራኤል ያላችሁ ደንበኞቻችን ሐሚን ከሚባለው ጋር ዘመዳሞች መሆናቸውን ወዲያው ታውቁታላችሁ።

እኩለ ቀን ሲሆን ከአደባባዩ ሰሜን ካለችው የሜሽዊ መንገድ እንደርሳለን። በግ ሙሉውን ከመሬት በታች በተቆፈረ ምድጃ ውስጥ ተሰቅሎ ይጠበሳል። አፉ ይዘጋል፤ ሲከፈት ደግሞ ሽታው ከሩቅ ይጠራል። በኪሎ ነው የሚሸጠው። ሥጋው በወረቀት ላይ ይመጣል፤ ጎኑ ከሙንና ጨው ይደረግለታል። በእጅ ነው የሚበላው፤ ሹካ አትጠይቁ።

አሁን ብዙዎቻችሁ ለመጠየቅ ወደምታፍሩበት ጉዳይ እንግባ። ሞሮኮ ውስጥ መንገድ ላይ የምታገኙት ሥጋ በእስልምና ሥርዓት የታረደ ነው። ሙስሊም ደንበኞቻችን በዚህ በኩል ሐሳብ የለባችሁም። ክርስቲያን ሆናችሁ ይህን ሥጋ የማትበሉ ካላችሁ ደግሞ ንገሩን እንጂ አትጨነቁ። ማንም አያስገድዳችሁም፤ ማንም ለምን አይላችሁም። የሰው ሃይማኖት የሰው ነው። ለእናንተም፣ ለሚጾሙም አንድ ሙሉ የጾም መስመር አዘጋጅተናል። ቢሳራ፣ ስፈንጅ፣ በቲማቲም የተሠራ ነጭ ባቄላ፣ ዛአሉክ የሚባለው የደበርጃን ሰላጣ፣ ወይራ፣ ትኩስ ዳቦ፣ ፍራፍሬና ሻይ አለው። ተርቦ የሚመለስ የለም።

የጾም ምግብ የሚመስሉ ግን ያልሆኑም አሉ። ምሰመን የሚባለው አራት ማዕዘን ተነባባሪ ቂጣ ብዙ ጊዜ በቅቤ ይታጠፋል። ሐሪራ የምስርና የሽምብራ ሾርባ ነው፤ ውስጡ ግን ትንንሽ ሥጋ ወይም ስመን ሊኖር ይችላል። ማዓኩዳ የድንች ጥብስ ነው፤ እንቁላል የሚገባበት አለ። አስጎብኚያችን ከእያንዳንዱ ሻጭ ጠይቆ ይነግራችኋል። ዓሣውን በተመለከተ ይበላል አይበላም የሚለውን ለየራሳችሁ ትተናል።

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር የገቡት። ወደፊትም እንዲህ በሚገጥምበት ጊዜ ልትመጡ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። በረመዳን ቀን የመንገድ ምግብ የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ከሚሰማው የመግሪብ አዛን በኋላ ነው። በዚያ ሰሞን ጉዞውን ወደ ማታ እናዞረዋለን። ሰው ሁሉ በቴምር፣ በሐሪራና ሸበኪያ በሚባለው የማር ጣፋጭ ሲያፈጥር ማየት ራሱን የቻለ ነገር ነው። ዓርብ ደግሞ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሱቁ ብዙው ይዘጋል። ሰው ቤቱ ገብቶ ከቤተሰቡ ጋር ኩስኩስ ይበላል። ኩስኩስ በ2020 እ.ኤ.አ. የሞሮኮ፣ የአልጄሪያ፣ የቱኒዚያና የሞሪታኒያ የጋራ ቅርስ ሆኖ ዩኔስኮ መዝግቦታል። ስለዚህ ዓርብ ጉዞ የለንም።

ስለ አበላሉ ብዙ ማስተማር አያስፈልጋችሁም። ከአንድ ትሪ በቀኝ እጅ መብላት ለኛ አዲስ አይደለም። ልዩነቱ ትንሽ ነው። እዚያ ዳቦው ነው እንደ ማንኪያ የሚያገለግለው፤ የሚበላውም ከየፊት ነው። መሃል ያለውን ሥጋ ቤተኛው ቆርሶ ወደ እናንተ ይገፋል እንጂ እናንተ ዘልቃችሁ አታነሱም። ዳቦ መሬት ከወደቀ አንስተው ጥግ ያስቀምጡታል፤ አይረገጥም።

ሻይ በየቦታው ይቀርብላችኋል። አረንጓዴ የቻይና ሻይ፣ ናና እና ብዙ ስኳር ነው። ከላይ ከፍ አድርገው የሚቀዱት አረፋ እንዲያወጣ ነው። በአገሩ የብርድ ወራት ናናው ሲያንስ ከኛ አሪቲ ጋር የሚዛመድ መራራ ቅጠል ይጨምሩበታል። ስኳር ያለባችሁ ሰዎች አስቀድማችሁ ንገሩን፤ "ስኳር የለሽ" ብለን እናስቀዳለን። ጨጓራ ያለባችሁም እንደዚሁ። ውሃ የታሸገውን ብቻ ጠጡ።

በአገሩ የሙቀት ወራት ከመጣችሁ መንገድ ላይ በለስ ልጠው የሚሸጡ ታገኛላችሁ። ትግራይ ያደገ ሰው አይቶ ማለፍ አይችልም። ዋጋው ከድሮው ጨምሯል። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮቺኒል የሚባል ተባይ የሞሮኮን በለስ ክፉኛ ጎድቶታል። የዚሁ ተባይ ወገን ትግራይንም ያስቸገረ ነው።

ቡድናችን ከ8 ሰው አይበልጥም፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ፈራኑ ውስጥ መግባት አይቻልም። የሚመራን ከቱሪዝም ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው የአገሩ ሰው ነው፤ መታወቂያውን አንገቱ ላይ ታዩታላችሁ። አማርኛ አስተርጓሚ አብሮት አለ። መንገድ ላይ "ና ላሳይህ" የሚል ወጣት ቢመጣ በትሕትና አመስግናችሁ እለፉ። ከኋላችሁ "ባላክ!" የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ወደ ግድግዳው ተጠጉ፤ አህያ ወይም ሞተር እየመጣ ነው። አደባባዩ ላይ እባብና ጦጣ የያዙትን ፎቶ ካነሳችሁ ገንዘብ ይጠየቃል፤ ዋጋውን አስቀድሙ። የሞሮኮ ገንዘብ ድርሃም ከአገሩ ውጭ እንደልብ ስለማይገኝ እዚያው ደርሳችሁ መንዝሩ።

መነሻችን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ ስልካችሁ ላይ 9፡00 ይላል። ከምሳ በኋላ ወደ ማረፊያችሁ ሄዳችሁ ታርፋላችሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ አደባባዩ ላይ እንገናኛለን። ሐሪራ አለ፣ የብርቱካን ጭማቂ አለ፣ በቅመም የተቀቀለ ቀንድ አውጣም አለ። ቀንድ አውጣውን የማይፈልግ ይለፈው። መረቁን ግን የአገሩ ሰው ለጉንፋን ይጠጣዋል።

ስትመዘገቡ ሦስት ነገር ጻፉልን፦ ትጾሙ እንደሆነ፣ ሥጋውን ትበሉ እንደሆነ፣ የጤና ችግር ካለባችሁ። ቀድሞ ከፍላችሁ የምሽቱን ጉዞ ብቻ የምትፈልጉም አሁኑኑ አሳውቁን፤ የጠዋቱን ክፍያ እንመልሳለን። ቀኑን ሙሉ መራመድ የሚከብዳቸው እናትና አባት ይዛችሁ የምትመጡ ከሆነም ንገሩን፤ መንገዱን እናሳጥርላቸዋለን። በየመሃሉ መቀመጫ ያለባቸውን ሻይ ቤቶች እናውቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የእግር ጉዞ ክፍል