ሕፃናትን የምናስተምር ከዔሊ እንማር

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በደሴ ከተማ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ እንደመሆኔ፣ በሕፃናት ክፍል እየተለመደ ስለመጣ አንድ ነገር አስተያየቴን ለመስጠት እወዳለሁ። የበዓል መርሐ ግብር በደረሰ ቁጥር ድምፀ መረዋው ልጅ ማይክሮፎኑን ይይዛል፤ ኮልታፋው ግን ነጠላውን መስቀልኛ አጣፍቶ ቢመጣም ከኋላ ረድፍ ቆሞ እንዲያጨበጭብ ይደረጋል። ምስጋናው የሚፈለገው ለልጆቹ ሳይሆን ለአስተማሪው ይመስለኛል።

በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 3 የምናገኘው ካህኑ ዔሊ በገዛ ልጆቹ አያያዝ የሚወቀስ ሰው ነው። ሆኖም ብላቴናው ሳሙኤል ስሙ ሲጠራ ሰምቶ፣ ዔሊ የጠራው መስሎት በሌሊት እየተነሣ ሲመላለስበት አልተቆጣም፤ በሦስተኛው ጊዜ የሚጠራው እግዚአብሔር መሆኑን ሲያስተውል፣ ምን ብሎ መመለስ እንዳለበት አስተምሮት ራሱ ከመካከል ወጣ። ሲነጋም በቤቱ ላይ የተነገረውን ከባድ ፍርድ ልጁ ሳይደብቅ እንዲነግረው አጥብቆ ጠይቆ፣ ሰምቶም ተቀበለ። «ለምን?» ብሎ የጠየቀንን ሕፃን «ዝም በል!» ለምንል ለእኛ ይህ ቀላል ትምህርት አይደለም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10ም ጌታ የተቆጣው በሕፃናቱ ሳይሆን ወደ እርሱ እንዳይቀርቡ በከለከሏቸው ደቀ መዛሙርት ነበር፤ እነርሱም ቢሆኑ እርሱን ያከበሩ መስሏቸው ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ የየአጥቢያው አመራሮች ለመጪው በዓል ንባቡንና መዝሙሩን ለልጆቹ በዕጣ እንዲያከፋፍሉ፣ መልሱ የጠፋበት መምህርም «አላውቅም፤ አባቶችን ጠይቄ እነግራችኋለሁ» ለማለት እንዳያፍር በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አገልጋይ፣ ከደሴ